ስፒል በአፉ

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14 ቀን
ከሱቁ፣ ያንቺ ወንበር ላይ ተቀምጬ

ለምትናፍቂኝም፣ ለተቀየምኩሽም እማዬ፤

አባዬ እንደሚለው ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ የሰው ጤና ይጠየቃል፣ ቀጥሎ የራስ ይነገራል። እሺ፤ ደህና ነሽ? ወገብሽስ? ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው ቅድ የማወጣው ብለሽ ጽፈሽልኝ ስለነበር ነው። እኔ ግን «ደህና ነኝ» ብልሽ ያንሳል። አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል። ከሐሙስ ጀምሮ መንገድ ላይ ብቻዬን ስስቅ ሰው ዞር እያለ ያየኛል። ሦስቱን ሽማግሌዎች ጉድ ሠራኋቸው፣ እማዬ!

ሦስቱን ታውቂያቸዋለሽ። ግን አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ስም ስላወጣሁላቸው እንደገና ላስተዋውቅሽ። የአባዬ ታላቅ ወንድም ጋሼ ደወል ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት ሲመሩ ደወል ሲያስደውሉ ስለኖሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም የሰው ወሬ ሁሉ በአርባ ደቂቃ የሚያልቅ ይመስላቸዋል፤ ከአርባው በፊትም ያቋርጡሻል። ጎረቤታችን ባለ መድኃኒት ቤቱ ጋሼ ሽሮፕ ናቸው። ድምፃቸው ይጣፍጣል፣ የሚመረው ከዋጥሽው በኋላ ነው። ማዶ ያሉት ሰዓት ጠጋኝ ደግሞ ጋሼ ሰከንድ። የሰፈሩን ሰዓት ሁሉ ያስተካክላሉ፣ እሳቸው ግን አንድም ቀጠሮ ላይ በሰዓቱ ደርሰው አያውቁም። በዚያ ላይ አላገቡም። አንድ ቀን እንኳ አግብተው የማያውቁ ሰው ስለ ትዳር ሊዳኙሽ መቀመጣቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ደግሞ «ታላላቆችሽን አትድፈሪ» እንዳትዪኝ። እያንዳንዳቸውን «ጋሼ» ብያለሁ። በክብር ነው የምቀልደው።

ያን ቀን አልረሳሁትም። ሩቅ ያለው የልብስ ፋብሪካ ለሥራ ሲጠራሽ አባዬ «ሱቁስ?» ብሎ አኮረፈ። ሳምንት ሙሉ ሳትነጋገሩ ከረማችሁ። ከዚያ ሦስቱ መጥተው መደገፊያ ባላቸው ወንበሮች ላይ ተደላደሉ፣ አንቺን ካውያው አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ አስቀመጡሽ። አሥራ ዘጠኝ ጥያቄ ጠየቁሽ። ስትናደጂ ምን ታደርጊያለሽ? መጨረሻ ያለቀስሽው መቼ ነው? ሽቶ የምትቀቢው ለማን ነው? ብቻሽን ስትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ? አባዬ ጥግ ላይ ቆሞ የማንም ያልሆነ ኮት ይሰካ ነበር፣ አፉ ስፒል ሞልቶት። አሥራ ስምንቱን አንድ በአንድ መለስሽላቸው። አሥራ ዘጠነኛው «ባልሽን ትወጂዋለሽ?» የሚለው ነበር። እሱ ላይ ዝም አልሽ። መቀስሽን ከሚስማሩ ላይ አንስተሽ ወጣሽ።

በሩ ሳይዘጋ ጋሼ ሰከንድ ፈረዱ። «ዝምታም መልስ ነው» አሉ። «አትወደውም ማለት ነው።» ጋሼ ደወል ደግሞ ጨመሩበት፤ «እንግዲያው ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመት እስኪሞላት ከአባቷ ቤት አትወጣም። ያን ጊዜ እንደገና እንመክራለን።»

ይህን ሁሉ ማን ነገረሽ ትይኝ ይሆናል። ቆዪ፣ እደርስበታለሁ።

ታዲያ አሥራ ስድስት ሞላኝ፤ ባለፈው ወር። ልደቴን እንደምታስታውሺ ተስፋ አደርጋለሁ። የሚመክሩበት ቀን ለሐሙስ ተቆረጠ፤ ወደ አንቺ መምጣት አለመምጣቴ በእነሱ አፍ ላይ ተንጠለጠለ። አባዬን «አንተስ ምን ትላለህ?» ብዬ ብጠይቀው «እነሱ ያሉት ይሆናል» አለኝ። ያን ቀን ነው እኔም የራሴን ጉባኤ የጠራሁት።

እግዜር ሲፈርድ እንዲህ ነው፤ በዚያው ሳምንት የጋሼ ደወል ወንድ ልጅ ሠርግ ደረሰና ሦስቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሙሉ ልብስ አዘዙ። እንዲህ ዓይነት ዕድል ደጋግሞ አይመጣም፣ እማዬ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የትዕዛዙን ደብተር የምጽፈው እኔ ነኝ። የሱቁን አሠራር ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ አባዬ ሲለካና ሲሰካ አፉ በስፒል ስለሚሞላ የሚጠይቀው ደብተር ያዡ ነው። ስልክዎን በየትኛው ኪስ ይይዛሉ? ሲቀመጡ እግር ያነባብራሉ? «ልብስ ለሰውነት ብቻ አይሰፋም፣ ለልማድም ጭምር ነው» የምትለዋን የአባዬን አባባል ደንበኛ ሁሉ በቃሉ ይዟታል። ስለዚህ ልኩን የሚወስዱለት ሰው የተጠየቀውን ይመልሳል። መሸሽም አይችልም፤ ከተንቀሳቀሰ ይወጋል።

አሥራ ዘጠኙን ጥያቄዎች ሁሉ አወጣኋቸው። ለእያንዳንዳቸው የስፌት ምክንያት ፈለግሁላቸው።

መጀመሪያ የመጡት ጋሼ ደወል ናቸው። መስታወቱ ፊት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ፣ አባዬ ከጀርባ ይሰካል።

«ስልክዎን በየትኛው ኪስ ይይዛሉ?» አልኳቸው።

«በቀኝ።»

«ሲቆጡ አንገትዎ ይወፍራል?»

«ምን አልሽ?»

«ለኮሌታው ነው፣ ጋሼ። ሲቆጣ አንድ ሴንቲ የሚጨምር ሰው አለ።»

አሰቡበት እኮ! አገጫቸውን ወደ ላይ አድርገው አሰቡበት። «እኔ እንኳ ስቆጣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን እከፍተዋለሁ።»

«ለምን?»

«እንዳይሰማ ነዋ። ለባለቤቴ የምመልሰውን እዚያ ነው የምመልሰው።»

አባዬ በስፒሎቹ መሀል «እምምም!» አለ።

«ዝም በል አንተ፣ ትውጠዋለህ» አሉት። «ቀጥዪ፣ ልጄ።»

«መጨረሻ ያለቀሱት መቼ ነው?»

«ይሄስ ደግሞ ለምኑ ነው?»

«ለጀርባው ስፌት። ሲያለቅስ ትከሻው ወደፊት የሚመጣ ሰው ስፌቱ ይተረተርበታል። ሠርግ ላይ ደግሞ ማን ያውቃል።»

መስታወቱ ውስጥ ራሳቸውን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ጡረታ በወጡ በመጀመሪያው ሰኞ እንደ ለመዱት ተነስተው፣ ከረቫታቸውን አስረው፣ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሄደው ነበር። አዲሱ ዘበኛ «አባት፣ ማንን ፈልገው ነው?» አላቸው። እቤት ሲደርሱ ሚስታቸው «የት ሄደህ ነበር?» ብትላቸው «ዳቦ ልገዛ» አሉ። ዳቦ ግን አልያዙም።

እኔም «ትከሻ ወደፊት» ብዬ ጻፍኩ።

ጋሼ ሽሮፕ በማግስቱ መጡ። የእሳቸውን ነገር ስጽፍልሽ እንኳ ሳቄ ያመልጠኛል።

«ገበሩ ምን ዓይነት ይሁን?»

«ጥቁር ይሁንልኝ፣ የኔ ቆንጆ።»

«ፀጉርዎን በምን ነው የሚቀቡት?»

«ማን? እኔ? የተፈጥሮ ነው!»

«ኮሌታው ላይ እንዳይለቅ ብዬ ነው። የባለፈው ሸሚዝዎ…»

ወዲያ ወዲህ አዩ። አባዬ ተንበርክኮ የሱሪውን ጠርዝ ይሰካል። «በጥርስ ብሩሽ» አሉ በሹክሹክታ። «ጓዳ ውስጥ። ቅዳሜ ቅዳሜ። ለሰው እንዳትነግሪ።»

«የሚፈሩት ነገር አለ? የሚፈራ ሰው ስለሚያልበው ለገበሩ ነው።»

«መርፌ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ መርፌ እየሸጡ?»

«ስለምሸጠው አይደል የማውቀው!» አሉ። ያን ጊዜ ነው አባዬ አፉን ስፒል እንደሞላው ቀና ብሎ ያያቸው። ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ፊታቸው ወዙን አጣ። ወንበር አመጣሁላቸው። ማልቀሱን ተቀምጠው ነው የነገሩኝ። እሑድ እሑድ ልጃቸው ትደውላለች። አራት ደቂቃ ታወራቸዋለች፤ ስትዘጋው ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ይቆያሉ።

«ለምን?» አልኳቸው።

«እንጃ። ምናልባት ረስታው ያልነገረችኝ ነገር ካለ ብዬ።»

አላዘንኩላቸውም። ደህና፣ ትንሽ አዘንኩ። ከዚያ «ሽቶ የምትቀቢው ለማን ነው?» ብሎ የጠየቀሽ ያ ጣፋጭ ድምፅ ትዝ አለኝና ሐዘኔን መልሼ ዋጥኩት።

ጋሼ ሰከንድ ልካቸውን ሊሰጡ ሁለት ሰዓት ዘግይተው መጡ። «ሰዓቴ ቆሞብኝ» አሉ፣ ምራቃቸውን እንኳ ሳይውጡ።

«የውስጥ ኪሱ ምን ሊይዝ ነው?» አልኳቸው።

«አባትሽ ያውቀዋል።»

አባዬ ሳይለካ በጣቱ አሳየኝ፤ አንድ ስንዝር በግማሽ ስንዝር። የፖስታ ልክ።

«የማን ፖስታ ነው?»

«የእኔ። ጽፌ ያልላክሁት።»

«ስንት ጊዜው ነው?»

«ይሄ ስድስተኛ ኮቴ ነው» አሉ። ዘመኑን በኮት ይቆጥሩታል፣ ታምኛለሽ? ኮት ሲቀይሩ ደብዳቤው ከኪስ ወደ ኪስ ይዛወራል። ለምን አልላኩትም ብላቸው «'አይሆንም' ብትለኝስ?» አሉ።

«ይወዷት ነበር?»

ዝም።

ብዕሬን ይዤ ጠበቅሁ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት፣ ያ እሳቸው የጠገኑት፣ ቂጭ ቂጭ ይላል። አባዬ ስፒሎቹን በከንፈሩ ጨምቆ መሬት መሬት ያያል። የጋሼ ሰከንድ ዓይን ውሃ ሞላ፣ እማዬ። እኔም ደብተሩ ላይ ባዶ መስመር ትቼ አለፍኩ። ውስጤ ግን ይጨፍራል። ይሄን ባዶ መስመር ለሐሙስ አስቀመጥኩት።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሦስቱ ወንበሮች ተደረደሩ። ሁለቱ በሰዓቱ፣ ጋሼ ሰከንድ በአምስት ሰዓት። እኔን በርጩማዋ ላይ አስቀመጡኝ። በጣም ዝቅ ትላለች፤ ያን ቀን አንገትሽን አቅንተሽ ስታያቸው እንዴት እንደ ነበርሽ ገባኝ። አባዬ የታወቀው ጥጉ ላይ፣ የተለመደውን ኮት ይዞ፣ አፉ ሞልቷል።

ጋሼ ደወል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ በነፃነት ትናገሪያለሽ። እናትሽ ትታሽ የሄደች ሴት ናት። አባትሽ አሳድጎሻል። አሁን በግልጽ ንገሪን፤ ከሁለቱ ማንን ነው የምትወጂው?»

«እመልሳለሁ» አልኩ። «ግን የዚህ ሱቅ ደንብ ከልብሱ በፊት ልማድ ይጠየቃል ነው። ዳኞቼን ልወቃቸው።»

ደብተሩን ከቀሚሴ ሥር አወጣሁ።

«ምንድነው እሱ?» አሉ ጋሼ ሽሮፕ፤ ድምፃቸው ስኳሩ አለቀበት።

«'ስትናደድ ምን ታደርጋለህ?'» ብዬ አነበብኩ። «መልስ፤ 'መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን እከፍተዋለሁ።' ስም አልጠራም። 'የምትፈራው ምንድነው?' መልስ፤ 'ሃያ ዓመት የሸጥኩትን ነገር።' ይሄንንም ስም አልጠራም። 'ሽቶና ቀለም የምትቀባው ለማን፣ በምንስ ነው?' መልስ፤ 'ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ጓዳ ውስጥ፣ በጥርስ ብሩሽ።'»

«ውሃ የሚከፍተው ማነው?» አሉ ጋሼ ሽሮፕ ወደ ጋሼ ደወል ዞረው።

«የጥርስ ብሩሹስ የማን ነው?» አሉ ጋሼ ደወል የጋሼ ሽሮፕን ፀጉር እያዩ።

«የትዕዛዝ ደብተር ምስጢር ነው!» ጮኹ ሁለቱም ባንድ ላይ።

«የእናቴስ መልስ?» አልኳቸው። «እናንተ ሦስት ሆናችሁ የሰማችሁትን በሳምንቱ ዳቦ ቤት ተሰልፌ ከማላውቃት ሴትዮ አፍ ሰማሁት። 'መጨረሻ ያለቀሰችው ሸሚዝ ስትተኩስ ነው አሉ' እያለች ትስቃለች። ማናችሁ ናችሁ ያወጣችሁት? አትመልሱም? ይሁን፣ እኔ ልቀጥል። 'መጨረሻ ያለቀስከው መቼ ነው?' መልስ፤ 'አንድ ሰኞ…'»

«በቃ!» ጋሼ ደወል ተነሱ። እውነቴን ነው፣ ያን ያህል ፈጥነው ሲነሱ አይቼ አላውቅም። «ጉባኤው ወስኗል። ልጅቷ እናቷ ዘንድ ትሂድ!»

«ትሂድ፣ ትሂድ!» አሉ ጋሼ ሽሮፕ። «እንዲያውም ዛሬውኑ!»

አሸነፍኩ። እዚያ ላይ ደብተሩን ብዘጋው ጥሩ ልጅ እባል ነበር። ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ ደግሞ በዚህ ቤት ስሜ መርፌ ነው። አንዲት ባዶ መስመር ቀርታኝ ነበር።

«ጋሼ ሰከንድ፣ እርስዎን አንድ ነገር ጠይቄ መልስ ያላገኘሁበት አለ። 'ይወዷት ነበር?' ስልዎ ዝም አሉ። ዝምታም መልስ ነው ብለዋል። እንግዲያው አልወደዷትም ብዬ ልጻፍ?»

«አይደለም!»

እንዲያ ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም። እጃቸው ደረታቸው ላይ፣ ፖስታው ያለበት ቦታ ላይ ነበር። «አይደለም፣ እንደሱ ብለሽ እንዳትጽፊ» አሉ፤ ሁለተኛው ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር። «ዝም ያልኩት… ዝም ያልኩት ስለማልወዳት አይደለም።»

«የእናቴስ ዝምታ?» አልኩ።

ከዚያ ከጥጉ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ስፒል መሰኪያው ትራስ ላይ አንድ ስፒል ሲሰካ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። አባዬ ከአፉ አንድ በአንድ እያወጣ ይሰካል። ሰባት ነበሩ።

«ጥያቄዎቹን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ» አለ።

ጋሼ ደወል «ወንድሜ፣ ይሄ አሁን…» ሲሉ እጁን አነሳባቸው። አባዬ! በታላቅ ወንድሙ ላይ እጁን አነሳ፣ ዝም በል ዓይነት።

«አሥራ ዘጠኙንም እኔ ነኝ የጻፍኳቸው፣ በቅድ ወረቀት ላይ። አሥራ ስምንቱ መንገድ ነበሩ። ማወቅ የፈለግሁት የመጨረሻውን ብቻ ነው።»

«ለምን ራስህ አልጠየቅሃትም?» አልኩት።

«አፌ ውስጥ ስፒል ነበር።»

«አውጥተህ ነዋ!»

«እሱን ነው ያልቻልኩት» አለ።

እንግዲህ እንዲህ ነው፣ እማዬ። ዓመት ከሰባት ወር ሙሉ ቂሜን የሳልኩት ለሦስቱ ነበር፤ ለካ ጥያቄዎቹን ያረቀቀው አራተኛው ኖሯል፣ በየቀኑ ምሳ የማቀርብለት። ሽማግሌዎቹ አንዱ የሌላውን ኮፍያ አድርገው ወጡ። እኔ በሩን ዘጋሁና ለአባዬ በርጩማዋን አመለከትኩት። ተቀመጠ። ጉልበቱ አገጩ ላይ ደረሰ። አሥራ ዘጠኙንም ጠየቅሁት፣ አንዷንም ሳልዘል፣ አንዷንም ሳላለሰልስ። ሲያመው እያየሁ ጠየቅሁት። ሁሉንም መለሰ።

መልሶቹ ደብተሩ ላይ አሉ። አልልክልሽም። አንዷን ብቻ ልንገርሽ። «ብቻህን ስትሆን ምን ታደርጋለህ?» ስለው «በየጠዋቱ ለእናትሽ የስፌት መኪና ክር አስገባለታለሁ» አለ። ክር ማስገባት እንደምትጠዪ ያውቃል። ማንም አይሰፋበትም። በማግስቱ አቧራ የጠጣውን ክር አውጥቶ አዲስ ያስገባል። አሁን ይሄን ስጽፍልሽ መኪናሽ አጠገቤ ነው፤ ዛሬ ያስገባው ክር ሰማያዊ ነው። አሥራ ዘጠነኛውን ምን ብሎ እንደመለሰ ማወቅ ከፈለግሽ ራስሽ ጠይቂው። በራስሽ አፍ። በዚህ ቤት ከእንግዲህ ማንም በሌላ ሰው አፍ አይጠይቅም፤ ይሄንን የፈረድኩት እኔ ነኝ፣ ይግባኝ የለውም።

የኮቶቹን ነገር ደግሞ ልነግርሽ ረስቼ ነበር። አልቀዋል፣ ለሳምንት ሠርግ ደርሰዋል። ኮሌታቸው ሥር፣ ካልተገለበጠ በማይታይበት ቦታ፣ በግራጫ ክር አንድ አንድ ቃል ጠልፌባቸዋለሁ። በጋሼ ደወል ላይ «ሰኞ»። በጋሼ ሽሮፕ ላይ «እሑድ»። በጋሼ ሰከንድ ላይ «አይደለም»። ማንም ሌላ ሰው ቢያየው አይገባውም፤ እነሱ ግን አንገታቸው ላይ ተሸክመውት ይዞራሉ። የተወጋ ባይረሳም የወጋው ሰው ይረሳላ፤ እንዳይረሳ ሰፋሁበት። አባዬ አይቶታል። ፍቺው ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ኮሌታውን አጥፎ በካውያ ደፈጠጠበት።

አሁን ወዳልነገርኩሽ ልምጣ። አሥራ ዘጠኙን ጥያቄዎች በቃሌ እንዴት እንደያዝኳቸው።

ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ነበርኩ። ልብስ መለኪያው ክፍል ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ። ከትምህርት ቤት ቀደም ብዬ መጥቼ ላስደነግጥሽ ነበር የተደበቅሁት። ከዚያ እነሱ ገቡና መውጣት አቃተኝ። በመጋረጃው ጠርዝ እያጮለቅሁ ሁሉንም ሰማሁ። መጨረሻ መቼ እንዳለቀስሽ ስትነግሪያቸው እጄን ነክሼ ነበር።

ያ መጋረጃ ደግሞ ያጥራል። አንቺ ራስሽ ነሽ የሰፋሽው፤ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ይላል፣ ሰው መኖር አለመኖሩ እንዲታወቅ። እኔ ያን ቀን ቀዩን ጫማ አድርጌ ነበር፣ አንቺ የገዛሽልኝን። መቀስሽ የሚንጠለጠልበት ሚስማር ደግሞ ከመጋረጃው አጠገብ ነው። መጥተሽ መቀሱን አነሳሽ። እግርሽን አየሁት፣ ከጫማዬ ፊት ለፊት ነበር፣ ክንድ አይሞላም። ቆምሽ። እስከ አምስት ቆጠርኩ። ከዚያ እግርሽ ዞረ።

እማዬ፣ ሃያኛዋ ጥያቄዬ ይቺ ናት፤ ለስፌት አይደለም፣ ለራሴ ነው። ጫማዬን አይተሽው ነበር?

ቲኬት አልቆረጥኩም። ፈቃዱ በእጄ ነው፣ ሻንጣዬም ተዘጋጅቷል፤ መልስሽ ሲደርሰኝ እቆርጣለሁ። አላየሁም ካልሽ እመጣለሁ። አይቻለሁ፣ ግን መጋረጃውን ብገልጥ መሄድ አልችልም ነበር ካልሽም እመጣለሁ፤ መንገዱን ሙሉ አኩርፌሽ እመጣለሁ። ዝም ካልሽ ግን አልመጣም። ዝምታ መልስ እንዳልሆነ ባለፈው ሐሙስ ተፈርዷል።

በይ እንደ ሽማግሌ መርቄሽ ልጨርስ፤ ሦስት ስላባረርኩ ቦታው ክፍት ነው። መቀስሽ አይዶልዱም። ወገብሽ አይጉበጥ። የሚጠይቅሽ ሰው ዓይንሽን አይቶ ይጠይቅሽ። በርጩማ ላይ የሚያስቀምጥሽ አይኑር። አባዬም፣ እንግዲህ ምን ላድርገው፣ አፉ ባዶ ሆኖ ይድረስሽ።

የምትወድሽ፣ የምትወጋሽ ልጅሽ
መርፌ

ማስታወሻ፤ ቀዩ ጫማ ከጠበበኝ ቆየ። አሁን ቁጥሬ ሠላሳ ስምንት ነው፤ አታውቂም ብዬ ነው። አልጣልኩትም።